መቀነት የሚመስለው መሬት

አባቴ ስለ ካናዳ መጀመሪያ የሰማው ከሒሳብ መምህሩ ነው። ጊዜው በ1950ዎቹ፣ ቦታው ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) መምህሩ ከኩቤክ የመጣ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ነበር። ጀስዊት የሚባለው የካቶሊክ ማኅበር ካህን ነው። ግን የካህን ልብስ አይለብስም፤ ክፍል ውስጥ ስለ ሃይማኖቱ አንድ ቃል አይተነፍስም። ንጉሡ ያስመጧቸው በዚህ ስምምነት ነበር። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የሆነውን ለሚያውቅ ምክንያቱ ግልጽ ነው።

መምህሩ ስለ አገሩ ብዙ አያወራም። አንድ ነገር ብቻ ደጋግሞ ይናገር ነበር፤ የአባቱን እርሻ። ጠባብ ነው ይላቸዋል፤ በጣም ጠባብ። ርዝመቱ ግን ከወንዙ ዳር ተነሥቶ ዓይን እስከማያየው ይሄዳል። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሁለት ትይዩ መስመሮች ያሰምራል። "ወንድሜ መሬቱን ወሰደ፤ እኔ መጽሐፉን ወሰድኩ" ይላል። ከዚያ ወደ ሒሳቡ ይመለሳል።

አባቴ ይህን ሲነግረን ሁልጊዜ እጁን ወገቡ ላይ ያዞራል። "መቀነት በሉት" ይለናል። እኔ በልጅነቴ መቀነት የሚመስል እርሻ ምን እንደሚሆን መገመት አልቻልኩም ነበር። የማውቀው የቡልጋን ማሳ ነው፤ እንደ ተራራው የሚጣመም፣ በድንጋይ ካብ የተከፋፈለ።

አሁን ኩቤክ ከተማ መኖር ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆነኝ። ሥራ፣ ልጅ፣ በረዶ፣ ሥራ። የአባቴን መቀነት ለማየት ከቤቴ የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ እንደማይርቅ ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።

ከኩቤክ ከተማ በስተምሥራቅ፣ ሴን ሎረንስ ወንዝ መሀል አንድ ደሴት አለ። ኢል ዶርሌያን ይባላል። ርዝመቱ 34 ኪሎ ሜትር፣ ሰፊ በሆነበት ቦታ ወርዱ 8 ኪሎ ሜትር ነው። ዣክ ካርቲዬ በ1535 ሲያልፍ የዱር ወይን ሞልቶት ስላየ የባኮስ ደሴት ብሎት ነበር። ደሴቱ ላይ 6 አጥቢያዎች አሉ፤ ሁሉም ተደምረው 7 ሺህ ገደማ ሰው ይኖርባቸዋል። ከስድስቱ በምሥራቅ ጫፍ ያለው ሴን ፍራንሷ ነው። የቆመው በ1679 ነው። ዛሬ ነዋሪው 500 ገደማ ነው።

አጥቢያ ያልኩት አውቄ ነው። ፈረንሳዮቹ "ፓርዋስ" ይላሉ። መዝገበ ቃላት ሰበካ ወይም ደብር ሊለው ይችላል። ለእኔ ግን አጥቢያ ነው። አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ ደወሉን የሚሰሙ ቤቶች፣ እዚያው ክርስትና ተነሥተው እዚያው የሚቀበሩ ሰዎች። የእኛ ሰበካ ጉባኤ የሚሠራውን ሥራ እዚያ የሚሠራው "ፋብሪክ" የሚሉት የምእመናን ጉባኤ ነው። ቃሉ እኛ ከጣሊያን የወሰድነው ፋብሪካ ዘመድ ነው። ሥራው ግን ጣሪያ ማደስ፣ ሒሳብ መያዝ፣ የመቃብር ቦታ መጠበቅ ነው። አሥራትም ነበራቸው። ልዩነቱ ከ10 አንድ አለመሆኑ ነው፤ ከ1667 ጀምሮ ከእህሉ ከ26 እጅ አንዱ ብቻ ይሰጥ ነበር። ጫካ መንጥሮ የሚያርስ ሰው ከዚያ በላይ አይችልም ነበር።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ቅዳሜ ብቻዬን ሄድኩ። ከከተማው ሲወጡ በስተግራ የሞንሞራንሲ ፏፏቴ ይታያል፤ 83 ሜትር። ፊት ለፊቱ ድልድዩ አለ። ድልድዩ የተሠራው በ1935 ነው፤ አሁን ከጎኑ አዲስ እየተሠራለት ነው። ከ1935 በፊት ሰው በበጋ በጀልባ፣ በክረምት በረዶው ሲጠነክር በእግሩና በፈረስ ጋሪ ይሻገር ነበር። በረዶው ሳይጠነክር ወይም መቅለጥ ሲጀምር ደግሞ መሻገር አደጋ ነው። የታመመም፣ የምትወልድም እዚያው ናት።

ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ግራ ሲታጠፉ ሴን ፒዬር፣ ከዚያ ሴንት ፋሚይ፣ ከዚያ ሴን ፍራንሷ። ደሴቱን የሚዞረው መንገድ አንድ ነው። በሴንት ፋሚይ ላይ መኪናዬን አቆምኩ። የወረድኩት አየር ለመቀበል ነበር። ቀና ስል አየሁት።

መቀነት ነው።

ድንች የተነሣበት ማሳ፣ ከጎኑ ሣር፣ ከጎኑ የእንጆሪ መደብ፣ ከጎኑ ደግሞ ጥቅምት ያቀላው የሜፕል ዛፍ ረድፍ። ሁሉም ቀጫጭን፣ ሁሉም ቀጥ ያሉ፣ ሁሉም ከኮረብታው ወገብ ተነሥተው ወደ ወንዙ የሚወርዱ። አባቴ በእጁ የሚያሳየን ትክክል ነበር። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ያሰመራቸው ሁለት መስመሮች እነዚህ ናቸው። የእርሱ አጥቢያ የትኛው እንደነበር ችግር የለውም፤ በዚህ ወንዝ ዳር ያሉት የድሮ አጥቢያዎች ሁሉ የተቆረጡት በአንድ መቀስ ነው።

አቆራረጡ እንዲህ ነው። ፈረንሳይ አገሩን በምትገዛበት ዘመን መሬቱ ለባለ ጉልቶች ተሰጠ። ባለ ጉልቶቹ ለገበሬው ሲያከፋፍሉ ለሁሉም ወንዝ እንዲደርሰው አድርገው ነው። ያኔ መንገድ የለም፤ መንገዱ ወንዙ ነው። ዓሣውም፣ ጀልባውም፣ ዜናውም በወንዝ ይመጣል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ከወንዙ ጠበብ ያለ ግንባር ይሰጠውና መሬቱ ወደ ኋላ ይረዝማል። መለኪያቸው አርፓን ይባላል፤ አንዱ 58 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። የተለመደው ግንባር 3 አርፓን ነበር። ደሴቱ ላይ ከሰሜኑ ዳር የተነሣው መቀነትና ከደቡቡ ዳር የተነሣው መቀነት መሀል ላይ ይገናኛሉ። ያንን የመገናኛ ቦታ "ሚታን" ይሉታል፤ መሀል ማለት ነው። ዛሬም በዚህ ስም የሚጠራ መንገድ ደሴቱን አቋርጦ ያልፋል።

ይህ አቆራረጥ ምን እንዳመጣ አስቡት። ግንባሩ ጠባብ ከሆነ ቤቶቹ ይቀራረባሉ። ገበሬው ማሳው ላይ ይኖራል፤ ግን ጎረቤቱ 200 ሜትር እንኳ አይርቅም። ምጥ የያዛት ሴት ብትጣራ የሚሰማት አለ። ጭስ ያልወጣበት ቤት ካለ ጠዋት ላይ ይታወቃል። በእንግሊዝኛ ተናጋሪ ባሕር መሀል ፈረንሳይኛው ሁለት መቶ ስድሳ ዓመት የቆየበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። ቋንቋ የሚኖረው ጎረቤት ለጎረቤት ሲነጋገር ነው። የመሬቱ ቅርጽ ለብቻ መኖርን አልፈቀደላቸውም።

ሴን ፍራንሷ ስደርስ ነፋሱ በረታ። ደሴቱ እዚያ ይጠብና ያልቃል። ጫፉ ላይ ከእንጨት የተሠራ መመልከቻ ማማ አለ። ከላዩ ሆኜ ሳይ ወንዙ ወንዝ መሆኑን ሊተው ሲል አየሁት። ከኩቤክ ከተማ በላይ ያለው ውኃ ጣፋጭ ነው። እዚህ አካባቢ ግን ከአትላንቲክ ሽቅብ የሚመጣው ጨው ይቀላቀለዋል። ማዕበሉም በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። በሰሜን የቱርማንት ተራራ ጥቁር ሆኖ ቆሟል። ከሥሩ ያለው ረግረግ ነጭ ነበር። በረዶ መስሎኝ ነበር፤ ዝይዎች ናቸው። በየዓመቱ በጥቅምት ከአርክቲክ ሲወርዱ እዚያ ያርፋሉ። በምሥራቅ ትንንሽ ደሴቶች ይታያሉ። አንዷ ግሮስ ኢል ናት፤ ከ1832 እስከ 1937 ድረስ በመርከብ የሚመጣ ስደተኛ በሽታ እንዳያስገባ ተይዞ የሚቆይባት ደሴት። በ1847 ከረሃብ የሸሹ ብዙ ሺህ አየርላንዳውያን እዚያው ቀርተዋል። እኔም ስደተኛ ነኝ። ዝም ብዬ ትንሽ ቆምኩ።

ቤተ ክርስቲያኑ መንገዱ ዳር ነው። ድንጋዩ ነጣ ያለ፣ ጣሪያው ሹል። በ1730ዎቹ የተሠራው ሕንፃ እስከ 1988 ድረስ ቆሞ ነበር። በዚያ ዓመት አንድ መኪና መጥቶ ተላተመውና እሳት ተነሣ፤ ተቃጠለ። ሰዎቹ እዚያው ቦታ ላይ መልሰው ሠሩት። 500 ገደማ ሰው ያለው አጥቢያ እንዲህ ያለ ሥራ ሲሠራ ሳስብ፣ አገር ቤት ለቤተ ክርስቲያን ድንጋይ የሚሸከሙ ሰዎች ትዝ ይሉኛል።

መቃብር ቦታው ውስጥ አንዲት አሮጊት የደረቀ ቅጠል እየጠረጉ ነበር። ሰማንያን ያለፉ ይመስለኛል። ሰላምታ ሰጠኋቸው። ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። መጥረጊያቸውን አስደግፈው የአያት የቅድመ አያቶቻቸውን ስም ይቆጥሩልኝ ጀመር። በየድንጋዩ ላይ የሚደጋገመው አራት አምስት የቤተሰብ ስም ብቻ ነው። "እኔ ከ12 ልጆች ሰባተኛዋ ነኝ" አሉኝ። "ሁለት እህቶቼ መነኮሱ። አንድ ወንድሜ መሬቱ ላይ ቀረ። ሌሎቻችን ሄድን።" እሳቸው ራሳቸው ሞንትሪያል አርባ ዓመት ሠርተው ጡረታ ሲወጡ ነው የተመለሱት።

ለምን እንደሄዱ ስጠይቃቸው በመገረም አዩኝ። "መሬቱን አይተሽዋል አይደል?" አሉኝ። እጃቸውን አጥብበው አሳዩኝ። ልክ እንደ አባቴ።

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። መቀነት ለሁለት በቁመቱ ይሰነጠቃል። ለአራት ግን ሲሰነጠቅ ክር ይሆናል። ልጆቹ ደግሞ 10 እና 12 ናቸው።

የዚህን ሕዝብ ቁጥር ስታይ ማመን ያቅትሃል። ፈረንሳይ ወደዚህ የላከችው ሰው ትንሽ ነበር። በ1666 የአገሩ አስተዳዳሪ ዣን ታሎን ቤት ለቤት ሲያስቆጥር የተገኘው ቅኝ ነዋሪ 3,215 ብቻ ነው። ሴት ስለጠፋ ከ1663 እስከ 1673 ንጉሡ ጥሎሽ እየቆረጠ 770 የሚሆኑ ልጃገረዶችን ላከ። "የንጉሥ ልጆች" ይሏቸዋል። ብዙዎቹ በዚህ ደሴት ላይ ተድረዋል። በ1763 እንግሊዝ አገሩን ስትረከብ ፈረንሳይኛ ተናጋሪው ወደ 70 ሺህ ደርሷል። ከዚያ ወዲህ ከፈረንሳይ የመጣ ሰው የለም ማለት ይቻላል። በ1851 ግን 670 ሺህ ሆነው ተገኙ። ይህ ሁሉ የተወለደው እንደዚህ ባሉ ቤቶች ውስጥ ነው።

ይህን በትክክል ማወቅ የተቻለውም በአጥቢያ ምክንያት ነው። ቄሱ የተጠመቀውን፣ ያገባውን፣ የሞተውን ይጽፋል። ሁለት ቅጂ አድርጎ ይጽፋል፤ አንዱ ቤተ ክርስቲያን ይቀራል፣ አንዱ ወደ መንግሥት ይሄዳል። ኩቤክ ውስጥ የጥምቀት መዝገብ እንደ ልደት ምስክር ወረቀት መሥራቱን ያቆመው በ1994 ነው። ሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ ያሉ የሥነ ሕዝብ ተመራማሪዎች እነዚህን መዝገቦች ከ1966 ጀምሮ አንድ በአንድ አገጣጥመው የመላውን ሕዝብ የዘር ሐረግ ሠርተዋል። አሮጊቷም ዘራቸውን እስከ መጀመሪያው ተሻጋሪ ድረስ ያውቃሉ። እስከ ሰባት ቤት መቁጠር ኩራት ከሆነበት አገር ለመጣሁት ለእኔ እንኳ ይህ ያስደንቃል።

መሬቱ ሲሞላ ሰው ወደ ኋላ ሄደ። ከመጀመሪያው የመቀነት ረድፍ ኋላ ሁለተኛ ረድፍ፣ ከሁለተኛው ኋላ ሦስተኛ። ረድፉ ሲርቅ አዲስ ቤተ ክርስቲያን፣ አዲስ አጥቢያ። ደሴት ላይ ግን ወደ ኋላ የለም። ከሚታን ወዲያ ያለው የሌላው አጥቢያ ሰው መሬት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ውኃ ነው። ስለዚህ ተሻገሩ። ብዙዎች ወደ አሜሪካ ወረዱ። ከ1840 እስከ 1930 ባለው ጊዜ 900 ሺህ የሚሆን ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ካናዳዊ ወደዚያ ተሰዷል። ሎዌል፣ ማንቸስተር፣ ፎል ሪቨር፣ ዉንሶኬት፤ የጥጥ ፋብሪካ ከተሞች።

የቀሩት ደግሞ የማይታረስ መሬት ላይ አጥቢያ ለመመሥረት ሞከሩ። ከዚህ ሁሉ ልቤን የሚነካው አንድ ስም አለ። ጋስፔዚ በሚባለው የኩቤክ ክፍል፣ ተራራ ላይ፣ በ1932 በዚያ የችግር ዘመን አንድ አጥቢያ ተቆረቆረ። ስሙን "ሴን ኦክታቭ ደ ላቭኒር" አሉት። ላቭኒር ማለት መጪው ጊዜ ማለት ነው። ድንጋይ ለቅመው፣ ጫካ መንጥረው፣ ልጅ አሳድገው ኖሩበት። በ1971 መንግሥት ለኑሮ አይሆንም ብሎ ዘጋው። ሰዎቹን አንሥቶ ከተማ አሰፈራቸው። በዚያው ሰሞን ሌሎች አጥቢያዎች ተራ ሲደርሳቸው ግን እምቢ አሉ። በመስከረም 1970 ሴንት ፖል በምትባል ትንሽ መንደር ተሰብስበው ተቃውሞ ጀመሩ። ፊት የወጡት የአጥቢያ ቄሶች ናቸው። የዘመቻቸውን ስም "ክብር" አሉት። የጥናት ሰዎች ቁጥር ይዘው መጡ፤ እነዚያ ደግሞ የአባቶቻቸውን መቃብር ይዘው ቆሙ። ብዙዎቹ አጥቢያዎች ተረፉ። ቁጥር አስፈላጊ ነው፤ እኔም እዚህ ስቆጥር ነው የዋልኩት። ግን ሰዎችን ሳይጠይቁ በቁጥር ብቻ አገር መዝጋት በደል ነው።

አሁን ወደ አባቴ መምህር ልመለስ።

ከ12 ልጅ አንዱ መሬቱን ይይዛል። አንዱ እንጨት ቆራጭ ይሆናል። ሁለቱ ሎዌል ይሄዳሉ። ሴቶቹ ይዳራሉ ወይም ይመነኩሳሉ። ጎበዝ ተማሪ የሆነውን ልጅ ቄሱ ያየውና ሴሚናሪ ያስገባዋል፤ ለድሃ ገበሬ ልጅ የትምህርት በር ያ ብቻ ነበር። በዚህ መንገድ ኩቤክ ከራሷ አልፎ ለዓለም የሚበቃ ካህንና መነኩሲት አወጣች። በሃያኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በሺዎች የሚቆጠሩ ወደ አፍሪካ፣ ወደ እስያ፣ ወደ ላቲን አሜሪካ ሄደዋል። አዲስ አበባ የመጡት ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። በ1945 ተፈሪ መኮንንን ተረከቡ። በ1950 ደግሞ ከመካከላቸው አንዱ፣ ዶክተር ሉሲየን ማት፣ ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምንለውን የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አቆሙ፤ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንትም እሳቸው ነበሩ።

እንግዲህ አባቴ አልጀብራ የተማረው የአንድ ገበሬ መሬት ለልጆቹ ሁሉ ስላልበቃ ነው። ይህን ሳስብ መቃብሩ መሀል እንባዬ መጣ። አሮጊቷ አዩኝና ምንም አልጠየቁኝም። መሐረብ ሰጡኝ።

ዛሬ እዚያ 12 ልጅ የሚወልድ የለም። በ1987 የኩቤክ ሴት በአማካይ የምትወልደው ወደ 1.4 ወርዶ ነበር። ቄሱም የእነርሱ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ቤተ ክርስቲያን እየዞረ ያገለግላል። ደሴቱ ከ1970 ጀምሮ ቅርስ ተብሎ የተጠበቀ ነው፤ የእርሻ መሬትም ከ1978 ወዲህ በሕግ ስለተከለለ እንደፈለጉ ቤት መሥራት አይቻልም። መቀነቶቹ አሁንም ያሉት ለዚህ ነው። በእንጆሪው ወራት የሚለቅሙት ግን የደሴቱ ልጆች አይደሉም። ከሜክሲኮና ከጓቲማላ የሚመጡ ሠራተኞች ናቸው፤ ወራት ሠርተው ይመለሳሉ። መንገድ ላይ ሦስቱን በብስክሌት ሲሄዱ አገኘኋቸው። እጃቸውን አነሡልኝ። እነሱም የሆነ ቦታ ላይ ያልበቃ መሬት ትተው የመጡ ናቸው ብዬ አሰብኩ።

ከመመለሴ በፊት አንድ ነገር አደረግሁ። አሮጊቷ የወንድማቸውን እርሻ አሳይተውኝ ነበር። አሁን የወንድማቸው ልጅ ነው የሚያርሰው። ከአንዱ ድንበር እስከ ሌላው ድንበር በመንገዱ ዳር በእርምጃ ለካሁት። 241 እርምጃ።

ማታ አዲስ አበባ ደወልኩ። እዚያ ሊነጋ ነው፤ አባቴ ለጸሎት ተነሥቷል። ሁሉንም ነገርኩት። ወንዙን፣ ዝይዎቹን፣ የተቃጠለውን ቤተ ክርስቲያን፣ አሮጊቷን። እርምጃውን ስነግረው አስደገመኝ።

"241?"

"አዎ አባባ። በኔ እርምጃ።"

"ጠባብ ነው" አለ። "እውነቱን ነበር ሰውየው።"

ከዚያ ረጅም ጊዜ ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

"ጋሼም እንዲሁ ነው የቀረው" አለኝ። ጋሼ የሚለው ታላቅ ወንድሙን ነው። አባቴ በዘጠኝ ዓመቱ ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ ሲላክ ቡልጋ የቀረውን። እድሜውን ሙሉ እዚያችው መሬት ላይ አርሶ፣ እዚያው አጥቢያ የተቀበረውን።

"ስሙን መዝገብ ላይ ጽፈውት ይሆን?" አለኝ አባቴ። "እስቲ ለፋሲካ ስትመጪ እንሂድና እንይ፣ የኔ እናት።"